የመሸበት ንብ የት ይደር?

ግልጽ ደብዳቤ ለእስራኤል ብሔራዊ የፕላንና የግንባታ ምክር ቤት አባላት

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ደብዳቤዬን በአማርኛ የጻፍኩት ዕብራይስጡ ጠፍቶኝ አይደለም። ከልብ የሚወጣ ነገር በሁለተኛ ቋንቋ ሲነገር ግማሹ ስለሚቀር ነው። ልጄ ትተረጉምላችኋለች። ግማሹ ወቀሳ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡትን የእኛኑ ሰዎች የሚመለከት ስለሆነ በገዛ ቋንቋቸው ይስሙት።

የመጣሁት በግንቦት 1991፣ በአገር ቤት አቆጣጠር በ1983 ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በተጓጓዘበት ዘመቻ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ ገባሁ። አራት ልጆች አሳድጌ ዘጠኝ የልጅ ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ ሕዝብ በዛ ብዬ ማንንም ልከስ አልችልም፤ ካበዙት አንዷ እኔ ነኝ።

አባቴ በወገራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ርስት ስላልነበረን የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ በጋውን ወናፍ እያናፋ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ቀጥቃጭ ያለ ከሰል እጁ ባዶ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሰል የሚወጣበት ግራር ከደጃችን ቆሞ ይታይ ነበር። ስንሰደድ ግን ለአንድ ጆንያ ከሰል ግማሽ ቀን ይኬድ ነበር። ዛፉን ማንም በክፋት አልጨረሰውም። ማረሻ ፈላጊው በዛ፣ አባቴም ሠራለት። ሁሉም የዕለቱን ብቻ ስለቆጠረ፣ ጫካው ማለቁን ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህም የዕለቱን ብቻ እየቆጠርን እንዳይሆን እፈራለሁ። አገሪቱ በ1948 ስትመሠረት ሕዝቧ 806 ሺህ ነበር። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን አልፏል። በበለጸጉት አገሮች መካከል አንዲት እናት በአማካይ ሦስት ልጅ ገደማ የምትወልድበት ከዚህ ሌላ የለም። ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2065 ወደ 20 ሚሊዮን ልንጠጋ እንደምንችል ተንብዮአል። መሬቱ ግን ያው 22 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ የኔጌቭ በረሃ ነው። አብዛኞቻችን በባሕሩ ዳር ተደራርበን፣ ከአራት ሚሊዮን በላይ መኪና ይዘን፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ቆመን እንውላለን።

በውኃ በኩል አገሪቱ የሠራችው ሥራ እንደሚያኮራ አውቃለሁ። በ2005 አሽኬሎን ላይ የባሕር ውኃ ጨው ማጣሪያ ተከፈተ፤ ከዚያ ፓልማሂም፣ ሐዴራ፣ ሶሬቅ፣ አሽዶድ ተከታተሉ። ከቧንቧዬ የምቀዳው ውኃ አብዛኛው ትናንት ባሕር ነበር። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽም ታክሞ እርሻ ያጠጣል። በድርቅ ሰው ሲያልቅ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ብልሃቱ አንድ ነገር አስረሳን፦ ውኃ ከባሕር ይሠራል፣ መሬት ግን አይሠራም።

የውኃውም ሂሳብ ቢሆን ገና አልተዘጋም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥምቀት በመጣ ቁጥር የዮርዳኖስ ስም ይጠራል። የሚጠሩት ሰዎች ከገሊላ ባሕር በታች ያለውን ወንዝ ዛሬ ቢያዩት ያዝናሉ። በዓመት 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይወርድ የነበረው ውኃ ዛሬ አንድ አሥረኛው እንኳ አይደርስም። በ1964 የተጠናቀቀው ብሔራዊ የውኃ መስመር ከገሊላ ባሕር ለብዙ ዓመታት ሲቀዳ ኖሯል፤ ሶርያና ዮርዳኖስም ከገባሮቹ ይቀዳሉ። ወንዙ የሚገባበትን የሙት ባሕርን ውኃ ደግሞ በሁለቱም ዳርቻው ያሉት የማዕድን ፋብሪካዎች ለፖታሽ ያተናሉ። ባሕሩ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከሥር ያለው የጨው ንጣፍ እየሟሟ መሬቱ ድንገት ይከዳል፤ እንዲህ ያሉት ጉድጓዶች በሺህ ይቆጠራሉ። ልጆቼን የወሰድኩበት የዓይን ገዲ መዋኛም በዚሁ ምክንያት ተዘግቷል።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በደቡብ ነታንያ፣ በባሕሩ ዳር፣ ክረምቱ ሲያልቅ የምትፈነዳ አበባ አለች። በዕብራይስጥ «ኢሩስ ሃአርጋማን» ትባላለች፤ ሐምራዊነቷ ጠቁሮ ከሩቅ ከሰል ትመስላለች። ከዚህ አገር የባሕር ዳር ሜዳ በቀር በዓለም ላይ የትም አትበቅልም። ለንብ የምትሰጠው ማር የላትም፤ የምትሰጠው ማደሪያ ነው። ወንዶቹ የዱር ንቦች ሲመሽባቸው ከጥቁሩ ቅጠሏ ሥር ገብተው ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እሷ ቀድማ ስለምትሞቅ እነሱም ሞቀው ይነሣሉ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያድሩ ዘሯን ያገናኛሉ። ይህን ስሰማ የአገር ቤቱ ነገር ትዝ አለኝ፦ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ» ሲባል መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነበር። እኛንም ይህች አገር እንዲሁ አሳደረችን።

አበባዋን መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው። ከጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ውጭ ግን ከነአሸዋዋ የሚጠርጋት ሰው ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በ2014 «ለጊዜው» ተብሎ የወጣው የተፋጠነ የቤቶች ፕላን ሕግም ጊዜው ባለቀ ቁጥር ሲራዘም አይተናል። በእሱ በኩል እርሻና ሜዳ ቶሎ ወደ ሰፈር ይለወጣል። ቤት አትሥሩ አልልም። ትንሹ ልጄ አግብቶ በኪራይ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የቤት ዋጋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄዬ የት ይሠራ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። እኔ የምኖርበት አራት ፎቅ ሕንጻ ያረጀ ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ አፍርሶ ረጅም ፎቅ ሊሠራበት፣ «ፒኑይ ቢኑይ» የሚሉትን ሊያደርግ፣ ፊርማችንን ጠይቆናል። በ2021 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ የሁለት ሦስተኛ ባለቤቶች ስምምነት ይበቃል። እኔ አልፈረምኩም፤ ጎረቤቶቼንም አትፈርሙ ብያለሁ። ለአሳንሰሩና ለጽዳቱ በየወሩ የሚከፈለው ቫአድ ባይት በጡረታዬ እንዳይበዛብኝ፣ ከሰፈሬ ሰውም እንዳልነጠል ፈራሁ። አበባዋ እንዳትነካ እየለመንኩ፣ አዲሱ ቤት ከእኔ ደጅ ርቆ ይሠራ ማለቴ ነበር። ርቆ ያለው ደግሞ የአበባዋ አሸዋ ነው። በሌላውም ከተማ በአሮጌ ሕንጻ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ እናንተንም ይነካል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንድ ፕላን ስታጸድቁ ስንት ቤት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን በዚያ አካባቢ ምን ያህል ክፍት መሬት እንደሚቀር ጽፋችሁ አስታውቁ፤ አባቴ ግራሩን ቢቆጥር ኖሮ ቀድሞ ይደነግጥ ነበር። አስቀድሞ የተገነባው ሳይሞላ አሸዋውንና ሜዳውን አትንኩ። ከተማው ወደ ላይ ሲያድግም ድሃው ሽማግሌ በወርሃዊ ክፍያ ተገፍቶ እንዳይወጣ በሕግ ጠብቁት።

አገሪቱ ስሕተት ማረም እንደምትችል አይተናል። በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ የደረቀው የሁላ ሐይቅ አፈሩ ሲነድና ሲሰምጥ፣ በ1994 ከፊሉ መልሶ ውኃ ተሞላ። ከዚያ አካባቢ ጠፋች ተብላ የተመዘገበች እንቁራሪት በ2011 ተገኘች። ነገር ግን ሐይቅ ውኃ ቢመለስለት ነፍስ ይዘራል፤ ኮንክሪት የተሞላ አሸዋን የሚመልስ የለም።

የስምምነቱ ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እናንተ አሸዋውን ተዉት፤ እኔም እስክሪብቶ አነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የነታንያ ነዋሪ