ኃይሉ ሳይንቀሳቀስ የተከፈለ ሂሳብ

በዲሴምበር 2000 የአሜሪካውን የኢነርጂ ኩባንያ የኤንሮንን ጉዳይ የያዙ ጠበቆች አንድ ማስታወሻ አዘጋጁ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስታወሻው የኩባንያው ነጋዴዎች በካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ ገበያ የሚሠሩባቸውን ዘዴዎች ነጋዴዎቹ ራሳቸው ባወጡላቸው ቅጽል ስም ይዘረዝራል፤ «ዴዝ ስታር»፣ «ፋት ቦይ»፣ «ጌት ሾርቲ»፣ «ሪኮሼ»። ግማሾቹ ከፊልም የተወሰዱ ናቸው። ስለ ዴዝ ስታር ጠበቆቹ ያሰፈሩት ፍሬ ነገር ግን ቀልድ የለበትም፦ ኤንሮን ኃይል ሳያጓጉዝ፣ የመስመር መጨናነቅም ሳያቃልል፣ መጨናነቅ አቃልለሃል ተብሎ ይከፈለዋል።

እንዴት? የካሊፎርኒያን ዋና ዋና የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚያስተዳድረው መቀመጫውን ፎልሶም ከተማ ያደረገ አንድ ተቋም ነው። መስመሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጨናነቅ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ኃይል ለመላክ ለተመዘገበ ሰው ክፍያ ይሰጣል። ኤንሮን በኔቫዳ ድንበር ከሌክ ሜድ ተነስቶ በካሊፎርኒያ በኩል እስከ ኦሪገን ወሰን ኃይል እንደሚልክ ያስመዘግባል፤ ክፍያውንም ይቀበላል። በዚያው ሰዓት ያንኑ ኃይል ከኦሪገን ወሰን ወደ ሌክ ሜድ እንደሚመልስ በሌላ መዝገብ ያስመዘግባል። የመመለሻው መስመር ከፎልሶሙ ተቋም ግዛት ውጭ ነው። ጉዞው ክብ ሠርቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ወደ መረቡ የገባ ኃይል የለም፣ ከመረቡ የወጣም የለም። የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ብቻ ነው።

የሚያስገርመው ማጭበርበሩ ጭምብል እንኳ አለማጥለቁ ነው። ሁለቱም ጉዞዎች ተመዝግበዋል፤ ሰዓታቸው፣ መጠናቸውና መስመራቸው ተጽፏል። ፎልሶም ያለው ሠራተኛ የያዘው ግማሽ ሕጋዊ ግብይት ይመስላል፤ ኦሪገን ያለው የያዘው ግማሽም እንዲሁ። ክቡ የሚታየው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ነው። እንዲህ እንዲያነብ ሥልጣን የተሰጠውና በየቀኑ የሚያነብ አካል አልነበረም።

ያኔ ካሊፎርኒያን ለመታው የኤሌክትሪክ ቀውስ ኤንሮንን ብቻ መክሰስ ስህተት ነው። በሰሜን ምዕራብ ክልሎች ዝናብ አጥሮ የግድቦቹ ውሃ ቀንሶ ነበር፤ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋም ጨምሮ ነበር። በ1996 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ ደግሞ የጅምላውን ዋጋ ለገበያ ለቅቆ ቤተሰብ የሚከፍለውን ታሪፍ አስሮ አስቀመጠው። አከፋፋዩ በውድ እየገዛ በርካሽ እንዲሸጥ ተገደደ። በጃንዋሪ 2001 ሰሜን ካሊፎርኒያ በፈረቃ ጨለማ ውስጥ ገባች። በኤፕሪል ትልቁ አከፋፋይ ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ጠየቀ። በ2003 መራጮች ገዥውን ግሬይ ዴቪስን ከሥልጣናቸው በድምፅ አነሷቸው። ይሁን እንጂ በእጥረት ጊዜ ምን ያህሉ እውነተኛ እጥረት፣ ምን ያህሉ የተሠራ እንደሆነ የሚለየው ከግብይት መዝገቡ ነው፤ መዝገቡ የሚታየው ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የሚታወቀው ከጨለማው በኋላ ነው።

በካሊፎርኒያም የሆነው ይኸው ነው። የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የጠበቆቹን ማስታወሻ ለሕዝብ ይፋ ያደረገው በሜይ 2002 ነው፤ ኤንሮን ከከሰረ ወራት አልፈው። የኩባንያው የምዕራብ ንግድ ኃላፊ ቲሞቲ ቤልደን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጥፋተኛነቱን አመነ። የነጋዴዎቹ የስልክ ንግግር ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው ደግሞ በ2004 ሲሆን፣ ያወጣውም ኮሚሽኑ አልነበረም። ከሲያትል በስተሰሜን የሚገኘው የስኖሆሚሽ ወረዳ የመብራት ድርጅት፣ ከኤንሮን ጋር በውል ክርክር ላይ ሳለ፣ ቅጂዎቹን አግኝቶ በራሱ ወጪ አስገልብጦ አወጣቸው። በቅጂው ነጋዴዎቹ ከአንዲት ምናባዊ አሮጊት፣ ከ«ሚሊ አያት»፣ ስለወሰዱት ገንዘብ እየተሳሳቁ ሲያወሩ ይሰማሉ። የካሊፎርኒያን የኤሌክትሪክ ገበያ ገመና ያጋለጠው የአንድ ወረዳ መብራት ድርጅት መሆኑ ለማንኛውም ተቆጣጣሪ የሚያሳፍር ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በ2002 ኮሚሽኑ ሻጮች እያንዳንዱን የጅምላ ሽያጭ፣ ገዥውን፣ መጠኑንና ዋጋውን ጨምሮ፣ በየሦስት ወሩ በኤሌክትሮኒክ እንዲያስመዘግቡ አዘዘ፤ ይህን መዝገብ ማንም ሰው ከኮሚሽኑ ማውረድ ይችላል። በ2005 ኮንግረስ ገበያ ማዛባትን በግልጽ ከለከለና ለእያንዳንዱ ጥሰት በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቅጣትን ፈቀደ። በ2012 ደግሞ ኮሚሽኑ ሁለት ነገር አደረገ። የገበያ አስተዳዳሪዎች የዋጋ ማቅረቢያና የግብይት መረጃቸውን ሳያቋርጡ እንዲልኩለት አዘዘ። በዲሴምበር ደግሞ በትዕዛዝ ቁጥር 771 ኢ-ታግ የሚባለውን ሰነድ የሚያይበትን በር ከፈተ።

ኢ-ታግ ከአንድ የመረብ ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገር ኃይል ሁሉ የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚወጣ ከባድ መኪና ማን እንደጫነው፣ የት እንደሚራገፍና በየትኛው ኬላ እንደሚያልፍ የሚገልጽ ወረቀት እንደሚይዝ ሁሉ፣ ኢ-ታጉም ኃይሉ የት እንደመነጨ፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ፣ በማን መስመር እንደሚያልፍና ከእጅ ወደ እጅ ስንቴ እንደተሸጠ ያሳያል። ሰነዱ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለመረቡ ደህንነት ሲሠራበት ቆይቷል። አዲሱ ትዕዛዝ አዲስ ቅጽ አልፈጠረም፤ የኮሚሽኑ ስም በታጉ ላይ ሰነዱን እንዲያዩ ከተፈቀደላቸው ወገኖች አንዱ ሆኖ እንዲሰፍር ብቻ ጠየቀ። ያ አንድ መስመር ግን ሌክ ሜድንና ኦሪገንን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኘ። እውነት ለመናገር አሥር ዓመት ዘግይቷል።

ተቃውሞው የሚጠበቀው ነበር። ነጋዴዎች የንግድ ምስጢራችን ይወጣል አሉ። ሁለተኛው ክርክር የሥልጣን ነበር፤ በማዘጋጃ ቤትና በመንግሥት ባለቤትነት የተያዙ የመብራት ድርጅቶች በዋጋ ጉዳይ ለኮሚሽኑ አይገዙም፣ ታዲያ ሰነዳቸውን በምን ሥልጣን ያያል? የምስጢሩ ነገር በከፊል እውነት አለው። ነገ ማን በስንት ሊሸጥ እንዳሰበ የሚያሳይ መረጃ ለተፎካካሪ ቢደርስ ራሱ ገበያ ማዛቢያ ይሆናል፤ ስለዚህም ኢ-ታጉ ለኮሚሽኑ እንጂ ለሕዝብ አልተከፈተም። ሁለተኛው ክርክር ግን ውሃ አያነሳም። ኤሌክትሪክ የባለቤቱን ሕጋዊ ማንነት አይጠይቅም፤ የዴዝ ስታር ግማሽ ክብ የተሰወረውም ከአንዱ ግዛት ውጭ ስለነበረ ነው። ከመረቡ ውስጥ ለቁጥጥር የማይገዛ ቁራጭ ካለ ብልጥ ነጋዴ መንገዱን በዚያ በኩል ያደርጋል።

ሥርዓቱ መሥራቱን የሚያሳይ ትልቁ ጉዳይ ከባንክ የመጣ ነው። ጄፒ ሞርጋን ከሴፕቴምበር 2010 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ያረጁ የጋዝ ማመንጫዎችን ኃይል ይሸጥ ነበር። ለማግሥቱ ገበያ አንዳንዴ ከዜሮ በታች፣ በሜጋዋት ሰዓት 30 ዶላር እየቀነሰ ያቀርባል። ኃይሉን ውሰዱ፣ ገንዘብም ጨምሬ ልስጣችሁ እንደማለት ነው፤ በመርካቶ እንዲህ የሚል ነጋዴ ቢገኝ ገዥው መጀመሪያ የሚያየው ዕቃው የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን ነው። የኪሳራው ምስጢር የሚገኘው በሌላ የሂሳብ መስመር ላይ ነው፤ አንዴ ከተመረጠ ገበያው የማመንጫውን የማስነሻና የማንቀሳቀሻ ወጪ ከተገቢው በላይ ያካክስለታል። የገበያ ታዛቢዎች የካሳ ክፍያው ከሌሎች ማመንጫዎች እጅግ መብለጡን ከመዝገቡ አወጡ። በጁላይ 2013 ባንኩ 410 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ 285 ሚሊዮኑ ቅጣት፣ 125 ሚሊዮኑ የተገኘው ትርፍ ተመላሽ። ተቆጣጣሪው የሚያየው የሽያጭ ዋጋውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ርካሽ ሻጭ ነው ብሎ ያመሰግነው ነበር።

የባርክሌይስ ጉዳይ ደግሞ መዝገብ ማየት ብቻውን የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳያል። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ የባንኩ ነጋዴዎች ከ2006 እስከ 2008 በምዕራብ አሜሪካ በአካላዊው የኃይል ገበያ እያወቁ ይከስሩ ነበር፤ ኪሳራው የገበያውን ጠቋሚ ዋጋ እያንቀሳቀሰ በጠቋሚው ላይ በተመሠረቱ የፋይናንስ ውሎች ያተርፋቸዋል። በ2013 ከ435 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበየነ። ባንኩ ክሱን አልተቀበለም፤ ክርክሩ በ2017 በ105 ሚሊዮን ተዘጋ። እዚህ ላይ አካላዊው ሽያጭ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የፋይናንስ ውሉ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች መረጃ ለመለዋወጥ የመግባቢያ ሰነድ የፈረሙት በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው።

አውሮፓውያኑ በዚህ ቀድመው አስበዋል። በ2011 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው ደንባቸው መሠረት፣ ስሎቬንያ ሉብሊያና ያለው የተቆጣጣሪዎች ኤጀንሲ ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ የመላውን ኅብረት የጅምላ ኃይል ግብይት ይሰበስባል። ከተፈጸመው ሽያጭ በተጨማሪ ቀርቦ ሳይፈጸም የቀረውን ዋጋም ይመዘግባል። አስመስሎ አቅርቦ የሚሰርዝ ነጋዴ የሚያዘው በዚህኛው ነው።

ኢትዮጵያን ይህ የሚነካት በሩቁ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮም ኃይል እያሻገረ ነው። ጅቡቲና ሱዳን ቀደም ብለው ተገናኝተዋል። ኬንያና ታንዛኒያ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከተያያዙ በኋላ ታንዛኒያ በ2025 የኢትዮጵያን ኃይል በኬንያ በኩል ለመግዛት እንዳሰበች አስታውቃለች። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዟል። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ጽሕፈት ቤት ያለው አዲስ አበባ ሲሆን፣ የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ከ2009 ጀምሮ የሚሠሩበትን ዓይነት የማግሥት ገበያ ለማቋቋም ሲዘጋጅ ቆይቷል።

እስካሁን ያለው ግብይት በአብዛኛው መንግሥት ከመንግሥት ጋር በረጅም ውል የሚያደርገው ነው። የኬንያው ውል 25 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ዋጋውም በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ሻጩም ገዥውም አንድ አንድ ሲሆኑ፣ ዋጋውም ሲታሰር፣ ዴዝ ስታር አይሠራም፤ አንዳንዶች ቁጥጥሩ ለነገ ይደር የሚሉትም ለዚህ ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ አገር በመካከል ሲገባና ዋጋው በየሰዓቱ ሲለዋወጥ፣ ከሶዶ የወጣው፣ ሱስዋ ላይ የተመዘገበውና ታንዛኒያ የደረሰው መጠን በሦስት መዝገብ ይሰፍራል። በመንገድ ላይ ኪሳራ አለ፣ የማሻገሪያ ክፍያ አለ፣ ያልተላከ ግን የተመዘገበ ኃይል ሊኖርም ይችላል። በሦስት ምንዛሪና በሦስት ሕግ የተያዘ መዝገብ የሚፈጥረው ክፍተት በካሊፎርኒያ ከነበረው ይሰፋል።

ሌላም ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ከየአገሩ የተገዛውን ኃይል በሚያሳትመው የስታቲስቲክስ ሪፖርት ላይ ያወጣል። በኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ኤክስፖርት የሚሰማው ቁጥር በአብዛኛው ከሻጩ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሥራ አፈጻጸም መግለጫ ነው። በውጭ ምንዛሪ ኃይል የሚገዙት የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ሽያጭም እንዲሁ። መግለጫው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሻጭ ስለ ራሱ ሽያጭ የሚሰጠው ድምር ግን የግብይት መዝገብ አይባልም፤ በየትኛው ሰዓት፣ ለማን፣ በስንት፣ በየትኛው መስመር የሚለውን አይመልስም። የኢትዮጵያው ተቆጣጣሪ፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ ይህን በየሰዓቱ የተዘረዘረ መረጃ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያየው ይገባል፤ የሚያየውም በደብዳቤ ጠይቆ ሳይሆን መዝገቡ ሲፈጠር አብሮ ነው። ሕዝቡ ከጥቂት ወራት መዘግየት በኋላ ዝርዝሩን ቢያይ የማንም የንግድ ምስጢር አይጎዳም።

ቀጠናው የራሱ የተቆጣጣሪዎች ቦርድ አለው። የማግሥቱ ገበያ ደንብ ከመጽደቁ በፊት ቦርዱ ሊያስገባው የሚገባው አንቀጽ አጭር ነው፦ ከአንድ አገር መረብ ወደ ሌላው የሚሻገር እያንዳንዱ ግብይት መነሻውን፣ መድረሻውን፣ መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን በአንድ ዓይነት ቅጽ ይያዝ፤ ኃይሉ የሚያልፍባቸው አገሮች ተቆጣጣሪዎችና የቦርዱ ስም እንዲያዩት ከተፈቀደላቸው ወገኖች መካከል ከመጀመሪያው ቀን ይስፈር። አሜሪካኖች ይህችን አንቀጽ የጨመሩት ገበያቸው ከተከፈተ፣ ከተዘረፈና ከተካሰሰ በኋላ ነው። እዚህ ገና ደንቡ በረቂቅ ላይ ሳለ ማስገባቱ የሚያስከፍለው የጥቂት ስብሰባዎች ክርክር ነው።