ግጭ ባዶ ሆነ፤ ዋልያውስ?

መንግሥት «ጠበቅሁ» ባለ ቁጥር እኛ አንድ ጥያቄ አለን፦ ከማን? ባሕሩን ከዓሣ አስጋሪው፣ ደኑን ከባላገሩ፣ ተራራውን ከእረኛው መጠበቅ ቀላሉ ሥራ ነው። ካርታ ላይ መስመር ይሠመራል፣ መስመሩ ውስጥ የተገኘ ሰው ይነሣል፣ ከዚያ ከውጭ የምስጋና ደብዳቤ ይመጣል። ሰሜን ተራሮች ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዋልያው እስከ ዛሬ የተረፈው ግን በካርታ አይደለም። የተረፈው የዙሪያው ገበሬ ስለተወው ነው። ይህንን ገበሬ ደግሞ በወጉ ጠይቆ የሚያውቅ አካል የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዘመኑን በፈረንጅ የምንቆጥረው የዩኔስኮም የቆጠራውም ወረቀት እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ አንባቢ ይታገሰን።) ፓርኩ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ከላሊበላ ጋር ሰሜን ነበረበት። እሰይ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ደርግ ከገደሉ ሥር ያሉትን መንደሮች በወታደር አስነሥቶ ከ1 ሺህ በላይ ሰው አፈናቀለ። መዝገቡና መፈናቀሉ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። የደባርቅ ዙሪያ ገበሬ «ፓርክ» የሚለውን ቃል ከጠመንጃ ጋር አያይዞ ቢሰማው ምን ይገርማል?

በ1996 ዩኔስኮ ሰሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ አስገባው። ከዚያ ለመውጣት የተቀመጡት ቅድመ ሁኔታዎች ግልጽ ነበሩ፤ ወሰኑ ይስተካከል፣ ፓርኩ ይስፋ፣ በውስጡ ያለው ሕዝብ ይቀንስ፣ የዋልያውና የቀይ ቀበሮው ቁጥር ይጨምር። ከእነዚህ ውስጥ «ሕዝቡ ይቀንስ» የሚለው ግጭ ላይ ደረሰ። ግጭ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ፣ ገብስ የሚያርስ፣ በግና ከብት የሚያረባ ጥንታዊ መንደር ነበር። እስከ 2016 ድረስ ከ400 በላይ አባወራ ካሳ እየተቀበለ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረደ። በዓመቱ፣ በሐምሌ 2017፣ ክራኮቭ ላይ የተሰበሰበው ኮሚቴ ሰሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣው። ተጨበጨበ።

«በፈቃዳቸው ነው የተነሡት» ይባላል። እስቲ ፈቃዱን እንመርምረው። ሕጉ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማረስን ይከለክላል፣ ከብት ማጋጥን ይከለክላል። አያትህ ያረሰውን ማሳ ስታርስ ሕገ ወጥ ነህ ከተባልክ በኋላ «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» ተብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ምርጫ ነው? ካሳውስ ቢሆን ገንዘብ ነው፤ ያልቃል። የገብስ ማሳ ግን በየዓመቱ ይሰጥ ነበር። ከተማ ላይ መሬት የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጥናት አያሻም።

እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር፤ የግጭ ሜዳ በከብት ብዛት ተግጦ ነበር። አፈሩም ይሸረሸር ነበር። ይህን የሚክድ ተራራውን ያላየ ሰው ብቻ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከብቱ ይቀነስ፣ ሣሩ በተራ ይዘጋ፣ በተራ ይከፈት ብሎ ከመንደሩ ጋር ለመዋዋል የሚያስችል ሥርዓት ለምን አልተሠራም? ይህ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ መንዝ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው ያንን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። አለቃውን ይመርጣል፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተመካክሮ ይከፍተዋል፤ ጓሳው ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ ተደብቆ ከብት ያስገባ ይቀጣል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ናደው፤ ሕዝቡ ግን መልሶ በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት አቋቋመው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ። ሰውም አለ።

ወደ ሰሜን እንመለስ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2019 ግጭ አካባቢ እሳት ተነሣ። ከብት ያልጋጠው ሣር ሲረዝም እሳት እንደሚወድ ማንኛውም እረኛ ይነግራችኋል፤ እረኛው ግን አልነበረም። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ እናመሰግናለን። ከእነሱ በፊት ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል የሮጠው ግን የዙሪያው ሕዝብ ነው። ሲቃጠል ይጠራል፣ ሲወሰን ይረሳል!

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2020 ወረርሽኙ ቱሪስቱን አስቀረ። በ2021 ክረምት ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፤ ደባርቅን ያኖረው የፓርኩ እንጀራ ተቋረጠ። የዋልያው ቁጥርም በ2015 ከነበረበት 865 በ2024 ወደ 306 ወረደ። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከሰሜን በቀር ሌላ ቤት የለውም።

«ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ» የሚሉን አሉ። አዎ፣ ጦርነት ነው። መሣሪያ በዛ፣ ጥበቃ ሳሳ፣ አደን በረከተ። ግን ጦርነት ለሰሜን እንግዳ አይደለም፤ በ1980ዎቹም የፓርኩ ሠራተኞች ጥለው ወጥተው ነበር። የመንግሥት ጥበቃ ግርግር ሲነሣ ቀድሞ የሚሸሽ ከሆነ፣ በክፉ ቀን የሚቀረው ጎረቤቱ ነው። ያንን ጎረቤት ባለቤት ልታደርገው ስትችል ተከሳሽ ካደረግኸው፣ በክፉ ቀን ስለ ዋልያው ብሎ ከባለጠመንጃ ጋር የሚጣላው ለምንድነው?

ባሕር የለንም፤ ከባሕር መማር ግን አልተከለከልንም። እንግሊዝ ከ1968 እስከ 1973 የቻጎስ ደሴቶችን ሕዝብ ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ስትል ነቅላ አስወጣች። በ2010 ደግሞ በዚያው ባሕር ላይ ሰፊ ጥብቅ ክልል አወጀች። ሾልኮ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት እንዳሳየው፣ አንድ የእንግሊዝ ሹም ጥብቅ ክልሉ የደሴቶቹን ሰዎች መመለስ እንደሚያከብደው ተናግሮ ነበር። በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ አዋጁ የሞሪሸስን መብት የጣሰ ነው ሲል ወሰነ። ኮራሉም ዓሣውም እውነተኛ ናቸው፤ ለሽፋን ግን ይመቻሉ። በፊሊፒንስ አፖ ደሴት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ በ1980ዎቹ አስጋሪዎቹ ራሳቸው ከሪፉ ከፍለው ዘጉ፣ ራሳቸውም ጠበቁት።

ይህን የምናነሣው ለታሪክ ብለን አይደለም። በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች እስከ 2030 ከመሬቱም ከባሕሩም 30 በመቶው እንዲጠበቅ ተስማምተዋል። የእኛም አገር የስምምነቱ ወገን ናት። ስለዚህ ተጨማሪ መስመር ይሠመራል። ተጨማሪ ግጭ ይኖራል ወይ ነው ጥያቄው።

እኛ የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ብቻ አይተዳደር፤ የደባርቅ፣ የጃናሞራ፣ የአዲአርቃይ፣ የበየዳና የጠለምት ገበሬዎች ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ድምፅ ያላቸው ቦርድ ይቋቋም። ድምፅ ስንል ድምፅ ነው፤ አበል ተቀብሎ የሚያጨበጭብ ተሳታፊ ሞልቷል። ከግጭ የወጡ ሰዎች ሣር የማጨድ መብትና በስካውትነት የመቀጠር ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ያንን ገደል ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። የፓርኩ በር ያስገባው ገንዘብና ከዚያ ለየቀበሌው የደረሰው በየዓመቱ ደባርቅ ላይ ይለጠፍ። የሚቀጥለው የዋልያ ቆጠራ ውጤትም ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በገበያ ቀን፣ በድምፅ ማጉያ፣ ለባላገሩ ይነበብ።