ደሴ፣ የሰፈራችን ሱቅና የዱቤው ደብተር

ሰሞኑን አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ የደሴ ልጆች በተሰባሰብንበት ግሩፕ ላይ አንዲት ጥያቄ ጣል አደረገ። «ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ መጀመሪያ የምትሮጡት ወዴት ነበር?»

በቃ፣ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። ከጅዳም፣ ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከአዲስ አበባም ሰው ተነስቶ የፓስቲና የሳምቡሳ ወሬ ያዘ። አንዱ ፒያሳ የነበረውን ፎቶ ቤት አነሳ፤ ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ የነበረውን። ሌላዋ በቀን ሃምሳ ሳንቲም ልብ ወለድ የሚያከራየውን ልጅ አስታወሰች፤ የመጨረሻው ገጽ ሁልጊዜ የተቀደደ ነበር ብላ እስካሁን ተናዳለች። ጆተኒ፣ ፑል ቤት፣ የሕንድ ፊልም የሚያሳየው ቪዲዮ ቤት፣ ባናና ማስቲካ፣ ደስታ ከረሜላ፣ ረመዳን ሲገባ ክርስቲያኑም ልጅ ሰዓት ቆጥሮ የሚጠብቀው የማታ ሳምቡሳ። የወይዘሮ ስሂንና የሆጤ ተማሪዎች ደግሞ የማን ትምህርት ቤት በር ላይ የተሻለ ፓስቲ ይሸጥ እንደነበር ሃያ ዓመት አልፎም አልተስማሙም።

እኔም ጻፍኩ። ጽፌ ከላክሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ሁሉ መልእክት ወደ ላይ እየሳብኩ አነበብኩት። ስለ በላነው፣ ስላየነው፣ ስለሰረቅነው ሁሉ ተጽፏል። ማን እንደከፈለ የጻፈ ግን አንድም ሰው የለም። አብዛኞቻችን ደመወዙ ከወሩ ሃያኛ ቀን የማያልፍ ቤት ልጆች ነን። ታዲያ ያን ሁሉ ስኳር፣ ያን ሁሉ ብስኩት፣ ያን ሁሉ ደብተር ከየት አመጣነው?

እዚህ ቻናል ላይ ስለ ዶላር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ኮሪደር ሲጻፍ ከርሞ ዛሬ ስለ ሱቅ መጻፌ የሚገርመው አይጠፋም። ዶላሩም፣ ጦርነቱም፣ ኮሪደሩም ሱቁ ውስጥ ስላሉ ትንሽ ታገሱኝ።

የእኛ ሱቅ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነበር፤ አሁንም አለ። የቆርቆሮ በር፣ ክርን ሲደገፍበት ኖሮ የተላገ ባንኮኒ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን። ባለቤቱን «ጋሼ» እንለው ነበር፤ ስሙን ያወቅሁት ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እዚህም አልጠራውም፤ ስሙ ስልክ ላይ ሲዞር ደስ አይለውም። ሁሉን ነገር በትንሹ ይሸጣል። ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ኦሞ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። የዛሬ ልጅ ዘይት በሲኒ ይሸጥ ነበር ስትለው ይስቃል። ሲኒዋ ባትኖር ግን ብዙ ቤት ወጥ አይሠራም ነበር።

ከሚዛኑ ጎን በሲባጎ የታሰረ ራዲካል ደብተር ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ቤት በደብተሩ ውስጥ ገጽ አለው። ጋሼ እናቶችን በልጆቻቸው ስም ስለሚጠራ ገጻችን የተከፈተው በእኔ ስም ነበር፤ «የእገሌ እናት» ተብሎ። እንግዲህ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ባለ ዕዳ ነበርኩ ማለት ነው። እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ደመወዝ የተቀበለች ዕለት ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ሱቁ ጋ ትቆማለች። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ መስመር በመስመር ያነብላታል፤ እሷ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሲጎድልባት «አብሽሪ፣ ሲኖር ትሰጫለሽ» ይላታል። ወሎ ያላደጋችሁ፣ «አብሽሪ» ማለት አይዞሽ ማለት ነው፤ ከአይዞሽ ግን ትንሽ ይሞቃል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በእናቴ ገጽ ሁለት አቡወለድ ብስኩትና አንድ ቢክ እስክሪብቶ ወሰድኩ፤ ሳትልከኝ። እስክሪብቶውን አስፈልጎኝ ነው ልል እችላለሁ፤ ብስኩቱን ግን ምንም አልልለትም። የደመወዝ ቀን ከእናቴ ኋላ ቆሜ ጋሼ ሲያነብ ላብ በላብ ሆንኩ። እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ በመነጽሩ በላይ አየኝ፤ ከዚያ «ሁለት ሻማ» ብሎ አለፈ። እናቴ ከፈለች። ማታ እራት በልተን ስንጨርስ፣ ሳትቆጣ፣ ዕቃ እያጠበች፣ «ሻማዎቹ የት አሉ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በስሟ ምንም ወስጄ አላውቅም።

እውነተኛውን ሻማ የፈጀሁት በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ በመጣበት ዓመት ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያስተምራል፤ እኛ አንዱን ቃል ጽፈን ቀና ስንል እሱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በደስታ ይጮኻል። ያልገባንን ማታ ሰፈር ውስጥ ተሰብስበን በሻማ እናነበው ነበር፤ ሻማው የሚመጣው ከደብተሩ ነው። የአስረኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ የሰፈራችን የሻማ ዕዳ ምን ያህል እንደነበር ጋሼ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ዲግሪ ይዤ ጋዜጠኛ የሆንኩት በመንግሥት ትምህርትና በዱቤ ሻማ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ጋ ራሴን ልቆንጥጥ። ትዝታ የሚጣፍጥ ነገር ብቻ መርጦ ያስቀራል። ያ ደብተር ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ገጽ አልነበረውም። ቤት ተከራይቶ በየስድስት ወሩ ሰፈር የሚቀይርም እንደዚሁ። ጋሼ የሚያውቀውን ነበር የሚያምነው፤ ያላወቀውን «ዱቤ የለም» ይለው ነበር፤ እኛ እዚያው ቆመን እያየን። በዚያ ደብተር ላይ ለመጻፍ መታወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ለመታወቅ ደግሞ መቆየት። ስለዚህ «ድሮ ሰው ለሰው ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስሰማ፣ የትኛው ሰው ለየትኛው ሰው? እላለሁ።

ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። የሕወሓት ኃይሎች ደሴን ያዙ። እናቴ በነጠላዋ ጥቂት ነገር ቋጥራ አስቀድማ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ከተማዋ ነጻ የወጣችው ኅዳር 27 ቀን ነው፤ እሷ መንገድ ሲከፈት አንድ ቀን አልጨመረችም። አብሬያት ሄድኩ። የሱቁ በር ተገንጥሏል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ጋሼ የለስላሳ ሳጥን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሚዛኑም የለም፤ ደብተሩም የለም። ደብተር ምን ይሠራላቸዋል ብዬ ዛሬም እገረማለሁ፤ ምናልባት እሳት አቀጣጥለውበት ይሆናል።

እናቴ ሰላምታውን ሳትጨርስ «በእኔ ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር ነበር» አለችው። «እርግጠኛ ነሽ?» አላት። «ነኝ።» እንዲህ እያሉ የመጡ ብዙ ነበሩ። ያልመጡም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እነሱም ስለተዘረፉ፣ አንዳንዶቹ ደብተሩ መጥፋቱን ስለሰሙ። ጋሼ የመጡትንም ያልመጡትንም አልቆጠረም፤ ወይም ቆጥሮ አልነገረንም። በዚያ ገንዘብ ሁለት ከረጢት ስኳርና ጥቂት ሳሙና አምጥቶ እንደገና ጀመረ።

ጦርነቱ ያልዘጋውን ሱቅ ግን አሁን ሌላ ነገር እየዘጋው ነው። ባለፈው ስሄድ ባንኮኒው ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ጋሼ ልቡ ደንድኖ ነው ያለኝ አለ። አይደለም፤ ሒሳብ ነው። እንበል አንድ ዕቃ ከጅምላ ቤት በ100 ብር ገዝቶ በ105 ብር በዱቤ ሰጠ። በወሩ መጨረሻ 105ቱን ተቀብሎ ሲሄድ ያው ዕቃ 110 ሆኖ ይጠብቀዋል። አምስት ብር አተረፍኩ ሲል ዕቃውን መልሶ የሚገዛበት አጥቷል። ዋጋ ቆሞ በሚጠብቅበት ዘመን ዱቤ መስጠት ደግነትም ንግድም ነበር። ዋጋ በሚሮጥበት ዘመን ግን ዱቤ የሰጠ ሰው ሱቁን ቆርሶ ሰጠ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያው ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ ስለዚህች ወረቀት የጻፈ ግን አላየሁም።

«ታዲያ ቴሌብር ያበድራል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ያበድራል። ከ2014 ጀምሮ ከባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች አሉት፤ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ስልኩ የሚያውቀው ግን በስልኩ ያለፈውን ብር ነው። እናቴ በስልኳ የምታደርገው እኔ የምልክላትን መቀበል ብቻ ነው። ሃያ ዓመት በየወሩ ዕዳዋን እንደከፈለች፣ ደብተር ጠፍቶ እንኳ ሄዳ እንደተናገረች ስልኩ አያውቅም። ያን የሚያውቀው ጋሼ ነው፤ ጋሼ ደግሞ የሚያበድረው የለውም።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ነው። የብዙ ከተሞቻችን ትናንሽ ሱቆች በርካሽ ኪራይ ላይ ነው የቆሙት። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ ገቡ። ስለ አዋጁ ብዙ ክፉ ነገር ማለት ይቻላል፤ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ልጆች ግሩፓችን ውስጥም አሉ። ብዙ ደሃ ነጋዴ ግን በዚያ ኪራይ ልጅ አሳድጓል። የግል ቤት የተከራየው ጋሼ ዛሬ ምንም መከለያ የለውም። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320 የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይመለከትም። አከራዩ ነገ ጨምር ካለው ይጨምራል፤ ካልቻለ ይወጣል።

ከዚህ ላይ ኮሪደር ልማቱ አለ። አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፤ ደሴንም ነክቷል። የእግረኛ መንገድና መብራት የሚጠላ ሰው አይደለሁም፤ ጭቃ እየረገጥኩ ነው ያደግሁት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲወሰድ የሚሠራበት አዋጅ 1161/2011 በዋናነት የሚናገረው ስለ ባለይዞታው ነው። ጋሼ ባለይዞታ አይደለም። ከጋሼ ጋር አብሮ የሚፈርሰው ነገር ደግሞ ዋጋ የሚተመንለት ዓይነት አይደለም። እናም መንገድ የምታሰፉ፣ ሕንጻ የምትፈቅዱ ሰዎች፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ተከራይ ባለሱቁንም መዝግቡ። ከሚሠራው ሕንጻ ምድር ቤት ላይ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ክፍል በሚቻል ኪራይ አስቀሩ፤ ቀድሞ እዚያ ይሠራ ለነበረው ቅድሚያ ስጡት። አዲሱ መንገድ ዳር መስታወት ቤት ብቻ ከተደረደረ ዘይት በሲኒ የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? ሲኒውን የሚፈልግ ሰው ዛሬም አለ፤ እንዲያውም በዝቷል።

ጣቴን ወደ ሌላ ስቀስር ሦስቱ ወደ እኔ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን «እማ፣ በየቀኑ ሱቅ መመላለስ ምን ያደርግልሻል፣ ከጅምላ ቤት አንዴ አስመጪና ተቀመጪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ብሩን ላክሁ፤ ሃያ ሊትር ዘይትና አንድ ከረጢት ስኳር ቤት ገባ። ቆጣቢ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስደውልላት ሱቅ ነበረች። ምን ልትገዢ? ስላት ዝም አለች፤ ከዚያ «ክብሪት» አለችኝ። ያ ግሩፕ ላይ ስለ ሳምቡሳ የምናለቅስ ሁሉ እንዲህ ነን። በምንልከው ብር እናቶቻችንን ከሱቁ አስወጥተን፣ ሱቁ ሲዘጋ የድሮ ፎቶውን እንለጥፋለን።

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ነበር። በዓሉ ማግስት ጋሼን ልጠይቅ ወረድኩ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ወረቀቷ አሁንም ባንኮኒው ላይ ናት፤ ጫፏ ተጣጥፏል። ለእህቴ ልጆች ብስኩትና ከረሜላ አነሳሁና ኪሴን ስዳብስ ጥሬ ብር አልያዝኩም። በስልክ ልላክልህ ስለው ስልኩን አወጣና አሳየኝ፤ ቁልፍ የምትጫን ትንሽዬ ስልክ ናት፤ «ይቺ ብር አትቀበልም፤ እንዴት እንደሆነም አላውቀው» አለኝ። ሮጬ ከቤት ላምጣ አልኩት።

«አብሽር። ስትመጣ ትሰጠኛለህ።»

ወረቀቷን በጣቴ አሳየሁት። ሳቀ። ከባንኮኒው ስር አዲስ ደብተር አወጣ፤ ብዙ ገጽ አልተጻፈበትም። አንገቴን ሰግጌ አየሁ። ስሜን ብቻ ይጽፋል ብዬ ነበር፤ «የእገሌ እናት» ብሎ ጀመረና ከስሩ 180 ብር ጻፈ። በማግስቱ ንጋት ላይ መኪናዬ ስለነበረ ሱቁ ሳይከፈት ወጣሁ። እናቴ ልክፈልልህ ስትለኝ እንዳትከፍይ ብያታለሁ።