ደንቆሮው ማነው፤ ገበሬው ወይስ ሒሳባችን?

በዚህ ግቢ ውስጥ በየዓመቱ የሚደገም አንድ አባባል አለ። «የቆቦ ገበሬ ማዳበሪያ አልወስድም፣ ምርጥ ዘር አልዘራም የሚለው ልማድ አስሮት ነው፤ ለውጥ ይፈራል» ይባላል። መምህሩ ይናገረዋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይጽፈዋል፤ በፈተና መልሶ ይሰጠዋል፤ ተመርቆ ሲወጣም ሄዶ ለዚያው ገበሬ ይነግረዋል። እኔ ይህን አባባል ሐሰት ነው እላለሁ። መምህራኖቼም ድፍረት ነው ብለው እንዳይቈጡ እለምናለሁ፤ በሒሳብ ይርቱኝ።

እስቲ ከሜዳው እንጀምር። የራያ ቆላ ከምዕራቡ ደጋና ከዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ለም ሜዳ ነው። አፈሩ አይታማም፤ የሚታማው ዝናቡ ነው። ገበሬው የበልጉን ዝናብ ጠብቆ በሚያዝያ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከቀረበት ወይም ቡቃያው ከደረቀበት፣ ገልብጦ አርሶ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ከተራራው የሚወርደውንም ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራል። ከወር እስከ ወር ሰማዩን እያየ ሐሳቡን የሚለውጥን ሰው «ለውጥ ፈሪ» ማለት ምን ይባላል?

ምርጥ ዘሩንስ ለምን ተወው? ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዘሮች አቀንጭራን ይቋቋማሉ፤ ቶሎም ይደርሳሉ። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን አገዳቸው አጭር ነው። ለእኛ አገዳ ገለባ ነው፤ ለቆቦ ገበሬ ግን የበሬው መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የቤቱም ግድግዳ ነው። ከጎረቤቱ ማሳ ቀድሞ የደረሰም ማሽላ የአገሩን ወፍ ሁሉ ብቻውን ይቀልባል። የኛ መዝገብ የሚቆጥረው ፍሬውን ብቻ ስለ ሆነ ገበሬው ያየውን ኪሣራ አላየም።

ወደ ማዳበሪያው እንለፍ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ሲያዝ፣ ዝናብ የጠገበውንና ዝናብ የናፈቀውን አገር እምብዛም አልለየም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስላ። ከአምስት ዓመት ሦስቱ ደግ፣ ሁለቱ ክፉ ይሁኑ። ያለ ማዳበሪያ አንድ ሄክታር በደግ ዓመት 18፣ በክፉ ዓመት 4 ኩንታል ይስጥ፤ የአምስት ዓመቱ ድምር 62 ነው። ከማዳበሪያ ጋር በደጉ 27፣ ዝናብ በቀረበት ግን ያው 4 ይስጥ፤ ድምሩ 89 ይሆናል። የማዳበሪያው ዕዳ በየዓመቱ 4 ኩንታል ቢያወጣ 69 ይተርፋል። «7 ኩንታል ትርፍ! ይኸ ገበሬ ምን ነካው?» ይላል መጽሐፋችን።

ነገር ግን በደግ ዓመት ሁሉም ስለሚያመርት ዋጋ ይወድቃል። ዕዳው ደግሞ ገና እህሉ ከአውድማ ሳይነሣ ይጠየቃልና 4 የነበረው ወደ 6 ኩንታል ይወጣል። በክፉ ዓመት እህል ስለሚወደድ ወደ 3 ይወርዳል እንበል። እንግዲህ ድምሩ 65 ሆነ፤ 7 የነበረው ትርፍ 3 ብቻ ቀረ። በክፉውም ዓመት ከ4 ኩንታሉ 3ቱን ከፍሎ 1 ኩንታል ይዞ ይከርማል። ልጆቹን በአማካይ ምርት አይመግብም። በሬውን ይሸጣል፤ በሬ የሌለው ደግሞ በሚመጣው ደግ ዓመት ምን ያርሳል? ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው እንግዲህ ማነው?

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዴርኮንና ክሪስቲያንሰን የተባሉ ምሁራን በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ገበሬው ከማዳበሪያ የሚሸሸው ምርት በጠፋ ጊዜ የሚደርስበትን ረኀብ ፈርቶ መሆኑን አሳይተዋል። የዋጋውንም ነገር በ1994 ዓ.ም. አይተነዋል። በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ በብድር ያመረቱት ዕዳቸውን መክፈል ተሳናቸው። በማግስቱ በ1995 ድርቅ ሲመጣ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ቆቦና አካባቢው ደግሞ በ2008 ድርቁን፣ በ2013 አንበጣውን፣ ከዚያም ጦርነቱን ቀምሰዋል። የትኛው የብድር ውል ነው አንበጣን የጻፈው?

«እንግዲያው ገበሬው እንዳለ ይኑር ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ጠቤ ከማዳበሪያው ጋር አይደለም። ውሃ ባለበት፣ በጉድጓድ ወይም በጎሊና ወንዝ በሚጠጣ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ዋጋውን ይመልሳል። ጠቤ ትርፉን ለብዙ ሰው አካፍሎ ኪሣራውን ለአንድ ሰው ከሚያሸክመው ሥርዓት ጋር ነው። ሻጩ ዋጋውን ይቀበላል፤ አበዳሪው ወለዱን ይቀበላል፤ ሹሙ ሪፖርቱን ይልካል፤ ድርቁን ግን ገበሬው ብቻውን ይቀበላል።

መድኃኒቱም ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሃ 200 ያህል ቤተ ሰቦች ለጤፋቸው የዝናብ ኢንሹራንስ ገቡ፤ ገንዘብ ያጣው ድሀ አረቦኑን በጉልበቱ ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። ለቆቦም ይሁን፤ ግን የቆቦ ማሳ የሚጠጣው የደጋውን ጎርፍ ጭምር ስለ ሆነ መለኪያው የሁለቱን አገር ዝናብ ይቁጠር። ዕዳው በአውድማ ወራት አይጠየቅ፤ ገበሬው እህሉን በመጋዘን አስይዞ ዋጋ እስኪሻል ይጠብቅ። ዘር ሲመረጥም አገዳው አብሮ ይመዘን።

ወንድሞችና እኅቶች! አማርትያ ሴን ስለ 1965ቱ የወሎ ረኀብ ሲጽፍ፣ ሕዝቡ እያለቀ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደ ነበር አስረድቷል። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ፤ የተደበቀው ተገለጠ። ዛሬ የሚደበቀው ሬሳ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። እርሱንም የደበቅነው እኛው ነን፤ «ልማድ» በምትል አንዲት ቃል።

ስለዚህ የኤኮኖሚክስና የእርሻ ክፍል ተማሪዎች በሚመጣው ክረምት ወደ ቆቦ እንውረድ። ለማስተማር ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብን የአምስት ዓመት ገቢና ወጪ ከባለቤቱ አፍ ለመጻፍ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፈሪው ማን እንደ ሆነ እንከራከራለን።

አንድ የቆላ ልጅ