አልገራ ያለ ፈረስ ወዴት ይሂድ?

ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስከሬን በዋሽንግተን ጎዳናዎች ሲያልፍ፣ ከሠረገላው ኋላ ማንም ያልተቀመጠበት ጥቁር ፈረስ ይከተል ነበር። በኮርቻው ላይ ሰይፍ ተንጠልጥሏል፤ በእርካቦቹ ውስጥ ፊታቸው ወደ ኋላ የዞረ ቦት ጫማዎች ተሰክተዋል። በእግር ከሚከተሉት የዓለም መሪዎች መካከል ከዤኔራል ደ ጎል ሌላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከኬኔዲ ጋር በዋይት ሐውስ ከተገናኙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ለሚባሉት ንጉሥ ፈረስ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያን ዕለቱ ፈረስ ግን ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ዓይነት አልነበረም። ሲደነብር፣ ሲራገጥ፣ ልጓሙን የያዘውን የ19 ዓመት ወታደር አርተር ካርልሰንን ሲጎትት ዋለ። እግሩንም ረገጠው።

ፈረሱ ብላክ ጃክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1947 ተወልዶ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሌክሳንድሪያ አጠገብ በአርሊንግተን ወደሚገኘው የፎርት ማየር ጦር ሰፈር መጣ። ሊጋልቡት የሞከሩትን ወታደሮች መሬት ላይ ጣላቸው። ሠረገላ እንዲጎትት ቢደረግም እምቢ አለ። ለአንድ ጦር ሰፈር እንዲህ ያለ ፈረስ ወጪ እንጂ ጥቅም የለውም፤ ሸጦ መገላገል ቀላሉ መንገድ ነበር።

ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር አደረገ። ጋላቢ የማይፈልግ ሥራ ፈለገለት። ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ከአስከሬን ኋላ መሄድ ማንም እንዲቀመጥበት አይጠይቅም፤ ቁጣው ራሱም ለሕዝቡ ግርማ ሆኖ ታየ። ብላክ ጃክ ከሺህ በላይ በሆኑ የቀብር ሥነ ሥርዓቶች ላይ ተሰልፏል፤ ከኬኔዲ ሌላ ፕሬዚዳንት ሁቨርን፣ ጄኔራል ማክአርተርንና ፕሬዚዳንት ጆንሰንን ሸኝቷል። በ1973 ጡረታ ወጣ። በ1976፣ በ29 ዓመቱ፣ ሕመሙ ሲጠናበት በሐኪም እጅ እንዲያርፍ ተደረገ፤ አመዱም በዚያው በፎርት ማየር በወታደራዊ ክብር ተቀበረ።

የውድድር ፈረስ እንዲህ ዓይነት ዕድል እምብዛም አይገጥመውም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ብዙም በማይርቀው በሎረል ፓርክ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ፈረስ ገና በሁለት ዓመቱ መሮጥ ይጀምራል። ካላሸነፈ፣ ከመነሻው በር አልገባም ካለ፣ ጋላቢውን ከጣለ፣ ጉዳዩ ቶሎ ወደ ገንዘብ ጥያቄ ይለወጣል። በእኛ ቤተ መንግሥት የፈረሱ ነገር የባልደራሱ ኃላፊነት ነበር። እዚህ ግን ውሳኔው በብዙ እጅ ተበታትኗል፤ ባለቤቱ ያወጣውን ዶላር ያያል፣ አሠልጣኙ በየወሩ ይከፈለዋል፣ ጋላቢው አጥንቱን ይፈራል፣ ሐኪሙ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ፈረሱ ራሱ አስተያየቱን የሚሰጠው በእግሩና በጥርሱ ነው፤ እሱም «ክፉ አመል» ተብሎ ይመዘገብበታል።

አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰን ፈረስ በሚጋለብበት ጊዜ የሚያሳያቸውን 24 ምልክቶች ለይታ አውጥታለች፤ ጆሮ ወደ ኋላ ማስተኛት፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ አፍ መክፈት፣ ወደፊት አልሄድም ማለት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከ24ቱ ስምንትና ከዚያ በላይ የሚያሳይ ፈረስ የጡንቻና የአጥንት ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል ጥናቷ ያመለክታል። በሩጫ ፈረሶች ዘንድ የጨጓራ ቁስለት እጅግ የተለመደ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ከጅራፍ ወይም ከጠንካራ ልጓም በፊት ምርመራ መሆን አለበት። በቨርጂኒያ ሊስበርግ ከተማ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የፈረስ ሆስፒታል አለው፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ባለ ፈረሶች ሐኪም ሩቅ ነው የሚል ምክንያት አይሠራም። «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» እንደሚባለው፣ የታመመን ፈረስ በኃይል መግራት ድንጋጤን በድንጋጤ ማባዛት ነው።

ሕመም ካልተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ከማን ጋርና በምን ሥራ የሚለው ነው። ለዚህ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ያዳግታል። በኦገስት 2021 ግልቢያንም በሚያካትተው በዘመናዊ ፔንታትሎን ስትመራ የነበረችው ጀርመናዊት አኒካ ሽሎይ በዕጣ የደረሳት ሴንት ቦይ የተባለ ፈረስ ነበር። ከፈረሱ ጋር ለመተዋወቅ የተሰጣት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ሴንት ቦይ ከእሷ በፊት በሌላ ተወዳዳሪ እጅም አልዘልም ብሎ ነበር። ሽሎይ እያለቀሰች ስታስገድደው፣ አሠልጣኟ ደግሞ ፈረሱን በቡጢ ስትመታው ዓለም አየ። አሠልጣኟ ከውድድሩ ተባረረች፤ ሽሎይ 31ኛ ወጣች። ስፖርቱም ከፓሪስ 2024 በኋላ ግልቢያን ከናካቴው አስወጥቶ በመሰናክል ሩጫ ተክቶታል። ያን ቀን የከሸፈው ፈረሱ ብቻ ነው ማለት ከባድ ነው፤ የማይተዋወቁ ሁለት ፍጥረታትን በ20 ደቂቃ አገናኝቶ ሜዳልያ የሚጠብቀው ሥርዓትም አብሮ ከሽፏል።

ተቃራኒው ታሪክ የስኖውማን ነው። ከኔዘርላንድስ የፈለሰው የግልቢያ መምህር ሃሪ ዴ ሌየር እ.ኤ.አ. በ1956 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከሚገኘው የኒው ሆላንድ የፈረስ ጨረታ ዘግይቶ ደረሰ። ወደ ቄራ ሊሄድ መኪና ላይ የተጫነ የእርሻ ፈረስ አይቶ በ80 ዶላር ገዛው። ቆይቶ ለአንድ ጎረቤቱ ሸጠው። ፈረሱ ግን የአዲሱን ጌታውን አጥር እየዘለለ ወደ ዴ ሌየር ቤት ይመለስ ጀመር። ለጎረቤቱ ይህ ራስ ምታት ነበር። ዴ ሌየር ግን እንዲህ ከፍ ብሎ የሚዘል ፈረስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ገባው፤ መልሶ ገዛው። ስኖውማን ከጨረታው በሁለት ዓመት ውስጥ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የአገሪቱን ምርጥ ዘላይ ፈረሶች አሸነፈ፤ በማግሥቱም ዓመት ደገመው።

ሁሉም ግን ስኖውማን አይሆንም፤ ስለዚህም ውሳኔው ከበድ ይላል። ፈርዲናንድ በ1986 የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈ ፈረስ ነው። ለርቢ ወደ ጃፓን ተሽጦ፣ እዚያ አያስፈልግም ሲባል በ2002 ታረደ። በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች በ2007 ቢዘጉም፣ በጨረታ የተሸጡ ፈረሶች ድንበር ተሻግረው ወደ ሜክሲኮና ካናዳ ቄራ ሲጫኑ ኖረዋል። ይህን ለመግታት ሜሪላንድ የራሷን መልስ አምጥታለች። በኋላ የአን አረንደል ካውንቲ አስተዳዳሪ የሆነው ስቱዋርት ፒትማን የጀመረው፣ ከሩጫ የተገለሉ ፈረሶችን ሌላ ሙያ የሚያስተምር ድርጅት በ2013 በባልቲሞሩ የፒምሊኮ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ትርኢት አሳየ። ለሩጫ አልሆን ያሉት እነዚያ ፈረሶች መዝለልንና ሌላ ዓይነት ግልቢያን ተምረው ቀረቡ። የፎርት ማየርም ፈረሶች አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ለሚያሳድጋቸው ሰው በነጻ ይሰጣሉ። ሠራዊቱ ግን ራሱ ከነቀፋ አላመለጠም። በ2022 ሁለት የሠረገላ ፈረሶች በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲሞቱ የአያያዙ ጉድለት ወጥቶ ታየ፤ የቀብር ሠረገላው አገልግሎትም ከ2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ተቋርጦ ነበር።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ሁለት ሥዕል ይታያል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ያሸበረቁ ፈረሶቻቸውን ይዘው አደባባይ ይወጣሉ፤ በዓሉ በዓድዋ ለዋለው ፈረስ የሚሰጥ ምስጋናም ነው። በሌላ በኩል ጋሪ ሲጎትት አርጅቶ ወይም ተሰብሮ መንገድ ዳር የተጣለ ፈረስ በብዙ ከተሞቻችን ይታያል። ባለጋሪው ደኻ ስለሆነ አቅም አጣሁ ቢል ይገባል። በሎረል ፓርክ የሩጫ ፈረስ ላለው ሰው ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ልጆቻቸውን ግልቢያ የሚያስተምሩ ሐበሻ ወላጆች አሉ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥግ ያለው መዶውብሩክ የፈረስ ጋጣ ከ1934 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። ልጁ ትንሽ ሲጎብዝ በርካሽ የሚሸጥ የሩጫ ፈረስ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። የፈረሱ ዋጋ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አካባቢ ማሳደሪያው ብቻ ግን በወር ከሺህ ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ጀማሪ ልጅና ከሩጫ የወጣ ደንባራ ፈረስ ደግሞ እርስ በርስ የሚያስተምሩት ፍርሃትን ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ምርመራ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ከዚያ ሌላ ጋላቢ፣ ከዚያ ማሳረፍ፤ ውሳኔው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። ሁሉም ተሞክሮ ለሰው አደገኛ ሆኖ የቀረ ፈረስ በሐኪም መርፌ በሰላም ቢያርፍ ነውር የለውም፤ የአሜሪካ የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ለያዡ አደጋ መሆኑን እንደ አንድ መመዘኛ ይቆጥረዋል። ነውሩ ጠባዩን ደብቆ ለማያውቅ ገዥ መሸጥ ነው፤ ያ ፈረስ ሰው ጎድቶ መጨረሻው ያው ጨረታ ይሆናል። ሻጭ የሆነ ሰው ፈረሱ ማንን እንደጣለና መቼ እንደታመመ በጽሑፍ ይስጥ፤ ውሉም ውስጥ «ገዥው ማስቀመጥ ካልቻለ መጀመሪያ ለእኔ ይመልስ» የሚል አንቀጽ ያስገባ። ገዥውም ይህ አንቀጽ የሌለበትን ውል፣ የራሱ ሐኪም ያላየውንም ፈረስ አይቀበል።