«ኢንሹራንስ ሐራም ነው» ብሎ ፎርጅድ መግዛት ምን ይባላል?



የሸንገን ቪዛ በሚጠይቁ ወጣቶቻችን ዘንድ አንድ ነገር እየተለመደ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ አምጡ ሲባሉ ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ አይሄዱም፤ ደላላ ጋ ይሄዳሉ። ደላላው የሌላ ሰው ፖሊሲ ላይ ስማቸውን አስገብቶ ያትምላቸዋል። ለምን ስንላቸው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ኢንሹራንስ እንደሆነ ሐራም ነው፤ እኛ ወረቀቱን ብቻ ነው የፈለግነው።»

ሱብሓነላህ! ከሐራም ሸሽቶ ወደ ውሸት?

የኢንሹራንስን ጉዳይ አናድበሰብሰውም። በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የንግድ ኢንሹራንስ ውሉን የሚያበላሽ ገረር አለበት ብሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን በምትኩ አመላክቷል። ተካፉል የምንለው እሱን ነው። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ መስኮት የከፈቱ ኢንሹራንሶችም አሉ። መጀመሪያ እነሱን «የጉዞ ሽፋን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካጣችሁ የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ፤ በሕግ ለተገደደ ሰው የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ። ፎርጅድ ግዙ ያለ ግን አልሰማንም። የሐሰት ምስክርነት ከከባኢር መሆኑን ቂርኣት ቤት ያለ ሕፃን ያውቀዋል።

ደግሞስ ሕጉ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ እንዳያንስ፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች እንዲሠራ፣ የቆይታችሁን ቀናት በሙሉ እንዲይዝ። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስንና ሞትን እንዲያካትት። በረራችሁ ሲራዘም የፖሊሲው ቀን አብሮ ካልተራዘመ ወረቀቱ ጎደሎ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ሳያነብ አይፈርም፤ ርካሹ ፖሊሲ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ኤምባሲው የኢንሹራንሱን እውነተኛነት ከተጠራጠረ ቪዛውን መከልከል ይችላል። ክልከላው በጣት አሻራችሁ ስም በሸንገን የቪዛ መረጃ ቋት እስከ 5 ዓመት ይቀመጣል፤ ጀርመን የከለከለውን ጣሊያን ያየዋል። በሰነድ ማጭበርበር በአገራችንም ያስቀጣል።

ኤምባሲው ሳያውቅ አለፈ እንበል። እዚያ ሄዳችሁ መኪና ገጭቷችሁ ሆስፒታል ብትተኙስ? አላህ አያድርገውና ሞት ቢመጣስ? ጀናዛን ከሞተበት አገር ማንሳት ብዙ ዑለማዎች አይወዱትም፤ እናት ግን «ልጄን አምጡልኝ» ማለቷ አይቀርም። ያኔ ወጪው የሚወድቀው ከጁሙዓ በኋላ ሸማ ዘርግቶ በሚሰበስበው ጀማዓ ላይ ነው። ለሚስኪን የሚሆነው ሶደቃ ለዩሮ ዕዳ ይሄዳል። ደላላው ያን ቀን ስልኩን ያነሳላችኋል?