ዘበኛውን የሚያስተኛ የዓይን ጠብታ

«ዓይኔ ቀልቷልና ጠብታ ስጠኝ» ብሎ መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው የሚፈልገው መቅላቱ እንዲጠፋለት ብቻ ነው። መቅላትን ቶሎ ከሚያጠፉት መካከል ደግሞ እንደ ዴክሳሜታዞንና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት የስቴሮይድ ጠብታዎች ይገኛሉ። ያለ ምርመራ መግዛታቸው አደገኛ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የጎጃም ሰው የዓይን መድኃኒትን ይበልጡን የሚያውቀው በትራኮማ ምክንያት ነው። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ አዚትሮማይሲን ለሕዝብ ሲታደል ትራኮማን ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ተጠንቷል። ይህ መድኃኒትም ሆነ ለጨቅላ ሕፃናት የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት የሚዋጋው ጀርሙን ነው። ስቴሮይድ ግን ጀርሙን አይነካም፤ የሚይዘው ጀርሙን የሚዋጉልንን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ወደ ታመመው ቦታ የሚጠራቸውን መልእክት ያቋርጥባቸዋል። መቅላት የእነርሱ ዘመቻ ምልክት ነውና ዘመቻው ሲቆም ዓይኑ ይጠራል፤ ሰውዬውም «ዳንኩ» ይላል።

ጀርሙ ግን አልሞተም። በከንፈር ሲወጣ ምች የምንለው የሄርፒስ ቫይረስ ዓይን ላይ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ዘበኛው በተኛበት እንደ ልቡ ይስፋፋል። በውቂያ ጊዜ እብቅ ዓይኑን የወጋው ገበሬም፣ ቁስሉ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ከሆነ፣ ዕጣው ከዚህ አይሻልም።

ይህም ብቻ አይደለም። ጠብታው ለሳምንታት ሲዘወተር በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሲቆይም የዓይን ሞራ ያመጣል። ግፊቱ አያምም፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ፣ አቧራ በተነሣ ቍጥር ዓይናቸው የሚያሳክካቸውና በየዓመቱ ያው ጠርሙስ የሚገዛላቸው ልጆች ናቸው።

መድኃኒቱን መኰነኔ አይደለም። የኮርቲዞን ተመራማሪዎች በ1950 (እ.አ.አ.) የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በከንቱ አልነበረም፤ ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላም ሐኪሙ ራሱ ስቴሮይድ ያዛል። ሐኪሙ ግን ዓይኑን መርምሮ፣ የማቆሚያውን ቀን ቈርጦ ነው።

በየቤታችሁ የጠርሙሱን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። የብዙዎቹ ስም በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» ያልቃል። ለወራት ሲጨምር የቆየ ዘመድ ካላችሁ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም ሄዶ ግፊቱን ያስለካ፤ መለካቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።